አንድ ካሴትና ሁለት ቤቶች፤ በሐረር ከተማ

አንባቢ ሆይ! ስለ ሐረር የተጻፈ ነገር አንብበው እንደ ሆነ፣ ያነበቡት ሁሉ ለዓይን የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። የጀጎል ግንብ፣ የስፌቱ ቀለም፣ ማታ ከግንቡ ውጭ ለጅብ ሥጋ የሚያጎርሰው ሰው፤ እነዚህን ሳያነሣ ያለፈ መንገደኛ የለም። እኔ ግን ዛሬ እርስዎን የምወስድዎ በጆሮ በኩል ነው። ስለዚህ ዓይንዎን ለጥቂት ጊዜ ይተዉና፣ ከፈረስ መጋላ ተነሥተን ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው ጠባብ መንገድ እንግባ።

ይህ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያወጣለት የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ በየደጃፋቸው ተቀምጠው መኪናቸውን ሲረግጡ፣ ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ዐሥሩ መኪና ሃምሳ ይመስላል። ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ወደ ሰፊው ጆሮ ጠጋ ብሎ ነው የሚናገረው። አሁን ከጎን ወዳለችው ቀጭን መተላለፊያ ይታጠፉ። ጥቂት ይራመዱና እንደ ገና ይታጠፉ። ግርግሩ ሁሉ ከኋላ ቀረ። ከአንዱ ግቢ ሙቀጫ ሲወቀጥ፣ ከሌላው ሴቶች ሲጨዋወቱ ይሰማል፤ ሌላ ነገር የለም። ድምፅ፣ በተለይም ቀጭኑ ድምፅ፣ ቀጥታ መሄድ ስለሚወድ በየመታጠፊያው እየደከመ ይቀራል።

ይህን ያስተዋልሁት ብልህ ስለ ሆንሁ አይደለም። በሐረር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ በዚሁ መንገድ ሁለት ዓመት ሙሉ ስመላለስ አንድም ቀን ልብ አላልሁትም ነበር። ልብ እንድል ያደረገኝ አንድ ካሴት ነው።

የካሴቱ ነገር እንዲህ ነው። አባቴ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበር። በ1992 ዓ.ም. እኔ ገና የጡት ልጅ ሳለሁ፣ በጂዳ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ድምፁን በካሴት ቀድቶ እንደ ደብዳቤ ላከለት። በዚያን ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ እንዲህ ያደርግ ነበር። አባቴ ግን ብዕር ከብዶት አልነበረም፤ «ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ውዬ ማታም ልጽፍ?» ይል ነበር አሉ። አራት ዓመት ሲሞላኝ ዐረፈ። መልኩን በፎቶግራፍ ዐውቀዋለሁ፤ ድምፁን ግን አላስታውሰውም። በ2017 ዓ.ም. በሁዳዴ መግቢያ አጎቴ ጓዙን ጠቅልሎ ከጂዳ ሲመለስ፣ ያንን ካሴት ከነዴኩና ከነሁለት ትልልቅ ስፒከሮቹ አመጣልኝ። «ይህ ያንተ ነው» አለኝና ሌላ አልጨመረም። ለእናቴ በስልክ ብነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ለፋሲካ እመጣለሁ» አለች።

አሁን ቤቴን ላሳይዎ። ከግንቡ ውጭ ባለው አዲስ ሰፈር፣ ባለ አንድ ፎቅ በሆነ ቤት ከምድር አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱም 4 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ80 ነው። ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ በሲሚንቶ ተለስኖ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣራው የፎቁ ኮንክሪት፣ መስኮቱ ሰፊ መስተዋት፣ በሩ ላሜራ ነው። ስከራየው ወለሉ ፊት ያሳያል ብዬ ኮርቼበት ነበር። ዕቃዬ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ያልታረመ የተማሪ ደብተር ነው። እርስዎም አዲስ ተቀጣሪ ከሆኑ እንዲህ ያለውን ክፍል ሳያውቁት አይቀሩም።

በመጀመሪያው ማታ ስፒከሮቹን በሁለቱ ማዕዘኖች አስጠግቼ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ካሴቱን ከፈትሁ። የአንድ ወንድ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሰላምታ መሆኑ ይታወቃል፤ የሰው ስም ሲጠራም ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ግን ቃል በቃል ላይ እየተደረበ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ሆነብኝ። አንድ ቦታ ላይ «ልጁ ታሞ ነበር» ሲል ሰማሁና ቀጥ አልሁ፤ ልጁ እኔ ነኝ። ቀጥሎ «መድኃኒቱ» ይልና ወይ «ጠፋ» ወይ «ተፋ» ይላል። መድኃኒቱ ጠፋ? ወይስ መድኃኒቱን ተፋ? ከዐሥር ጊዜ በላይ መለስሁት። አንደኛው መድኃኒት አጥቶ የሚንከራተት አባት ነው፤ ሁለተኛው አንድ አስቸጋሪ ሕፃን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ችግሩ የቋንቋችንም ጠባይ አለበት። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ ከተ፣ ከከ፣ ከቸ እና ከሰ የሚለዩት በጉሮሮ ታምቆ ድንገት በሚለቀቅ እጅግ አጭር ድምፅ ነው። አናባቢዎቹ ግን ረዥምና ብርቱዎች ናቸው። ክፍሉ የቀደመውን አናባቢ ሳይለቅቅ ይዞ ከቆየ፣ ያ አጭር ድምፅ ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል። ጠፋና ተፋ አንድ ቃል የሆኑት ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበር። ድምፁ ሲጨምር ማሚቶውም እኩል ይጨምራልና ምንም አልተጠቀምሁም። አከራዬ ግን ከፎቅ ወርደው «መምህር፣ በሁዳዴ?» አሉኝ። ዘፈን የከፈትሁ መስሏቸው ነበር። ሁለተኛው ስሕተት የእንቁላል ካርቶን ነው። ከየሱቁ ሠላሳ የሚያህል ለምኜ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። ምክሩን የሰጠኝ በስልኩ ዘፈን የሚቀዳ አንድ ተማሪዬ ነው፤ አይፍረዱበት፣ በብዙ አገር የታመነ ነገር ነው። ነገር ግን የእንቁላል ካርቶን ቀጭንና ቀላል ስለ ሆነ የሚውጠው ድምፅ ጥቂት ነው፤ ወፍራሙንማ ጨርሶ አይነካውም። ክፍሌ የዶሮ ቤት መሰለ እንጂ አባቴ አልተሰማም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔ ትዝ አለኝ። ክፍሉ መካከል ቆሜ አንድ ጊዜ አጨበጨብሁ። እርስዎም ዛሬ በቤትዎ ይሞክሩት። ጭብጨባው «ትርርር» እያለ በግድግዳዎቹ መካከል ተመላለሰ። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ የእኔን ክፍል በሰከንድ ከ80 ጊዜ በላይ ያቋርጣል፤ ከሲሚንቶና ከሴራሚክ ጋር ሲጋጭም በየጊዜው የሚያጣው እጅግ ጥቂት ነው። በስልኬ ቀድቼ ብለካው እስኪሞት ድረስ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆየ። እንዲህ ላለ ትንሽ ክፍል ግማሽ ሰከንድ ይበቃ ነበር።

ይህን ሒሳብ ያወጣው ዋለስ ሴባይን የተባለ የሃርቫርድ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ፎግ በተባለው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ውስጥ ያለው አዲስ አዳራሽ ንግግር አላሰማ ስላለ መፍትሔ እንዲፈልግ ተጠየቀ። ያን ጊዜ የ27 ዓመት ወጣት ነበር። ሌሊት ሌሊት ከተማው ጸጥ ሲል፣ ሳንደርስ ከተባለው ቴአትር የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስነፋ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በሰዓት ይለካ ነበር። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ጠፋ። በመጨረሻም ያገኘው ደንብ አጭር ነው፤ የክፍሉን ይዘት በሜትር ኪዩብ በ0.161 ማባዛት፣ ከዚያም ድምፅ በሚውጠው ስፋት ማካፈል። ለስፋቱ መለኪያ አድርጎ የመረጠው ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ? የተከፈተ መስኮት ነው። በተከፈተ መስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና። እኔም ክፍሌን በዚህ አሰላሁት። ይዘቱ 45 ሜትር ኪዩብ ያህል ነው፤ ድምፅ ሁለት ሰከንድ ከቆየበት፣ የሚውጠው ነገር ሁሉ ተደምሮ 3 ካሬ ሜትር ተኩል ከሚያህል መስኮት አይበልጥም። ወደ ግማሽ ሰከንድ ላውርደው ብል 14 ካሬ ሜትር ያስፈልገኛል። ከየት አመጣለሁ? ወረቀቱን አጥፌ ተኛሁ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገጥመው ነበር። ዒድ ሲደርስ የጂኦግራፊ መምህር የሆነው ሐረሪ ጓደኛዬ ጀጎል ውስጥ ወዳለው የአክስቱ ቤት ወሰደኝ። የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲያዩት በረዥም አጥር የተከለለ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ሰው የሚደነቀው ከገባ በኋላ ነው። ጫማ አውልቀን ገባን። ወለሉ አንድ አይደለም፤ ነደባ የሚባሉ መደቦች በተለያየ ከፍታ ተሠርተው ምንጣፍና ትራስ ተደርቦባቸዋል። ትልቁ ግድር ነደባ ይባላል፤ አሚር ነደባ የሚባል የክብር መቀመጫም አለ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። በግድግዳው ውስጥ ለዕቃ የሚሆኑ ጎድጓዳ ቦታዎች ተፈልፍለዋል፤ በቀረው ግድግዳ ላይ ስፌቱና ሳሕኑ ከላይ እስከ ታች ተሰቅሏል።

አክስቱ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከጓዳው በር አጠገብ ሆነው፣ ድምፃቸውን ምንም ሳያነሡ «ልጄ፣ ጾም ነህና ቁጢውን ያለ ወተት ላምጣልህ?» አሉኝ። ቁጢ የቡና ቅጠል ሻይ ነው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ የእሳቸው ቃል ግን እያንዳንዱ ፊደል ሳይሰበር ደረሰኝ። መልስ መስጠቱን ትቼ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመርሁ። ጓደኛዬ በኋላ «ቤት ልትገዛ የመጣህ መስለህ ነበር» ብሎኛል።

ያየሁትን ልንገርዎ። ምንጣፉና ትራሱ የሴባይን ትራስ ናቸው። መደቦቹ ደረጃ ደረጃ ስለ ሆኑ፣ ጣራውም ክብ እንጨት እየተደረደረ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ድምፅ እንደ እኔ ክፍል በሁለት ልሙጥ ገጾች መካከል የሚመላለስበት ስፍራ አያገኝም። ስፌቱና ጎድጓዳው የግድግዳውን ልሙጥነት ሰብሮታል፤ የመጣው ድምፅ በብዙ አቅጣጫ ይበተናል። ወደ ግቢው የሚያወጣው በር ደግሞ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሴባይን የለካበት መስኮት ይህ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የቤቶቹን የውስጥ አሠራር ከቅርሱ ሁሉ እጅግ አስደናቂ ብሎታል። ነገር ግን አላጋንን፤ ይህ ሁሉ ለድምፅ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ የታሰበው ለእንግዳና ለማዕረግ ነው። ምንጣፉንና ስፌቱን አውጥተው በሩን ቢዘጉት፣ የተለሰነው ድንጋይ እንደ እኔ ሲሚንቶ ማስተጋባቱ አይቀርም። «የድሮ ቤት ይሻላል» እያሉ የሚያለቅሱትን ስለማልወድ ነው ይህን የምልዎ።

ካሴቱ በቦርሳዬ ነበር። በአንዱ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ትንሽ አሮጌ ቴፕ ተቀምጦ ስላየሁ፣ እንግዳው ሲቀልል ዓይን አውጥቼ ለመንሁ። ያቺ ሥፍራ ደረሰች። «ልጁ ታሞ ነበር...» አክስቱ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ተፋ ነው የሚለው» አሉ። «መድኃኒቱን ተፋ። የትኛው ልጅ መድኃኒት ይወዳል?» ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን የፊቴ ሁኔታ ሳያሳብቅብኝ አልቀረም፤ ማን እንደ ሆነ ጠየቁኝና ነገርኋቸው። ከተፋ በኋላ አባቴ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምራል፤ እሱን ግን የአሮጌው ቴፕ እሽታ ዋጠው። «እንደ» ካለ በኋላ ያለው አይሰማም። ለእሱ የሚሻለው የአጎቴ ዴክ ነው። ስነሣ አክስቱ ተጠቅልሎ ከተቀመጠው አንድ ትልቅ ምንጣፍ አስወረዱና «ለእናትህ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ መልስልኝ» አሉኝ።

አሁን ሥራው ቀለለ። መጀመሪያ ስፒከሮቹን ከማዕዘን አወጣኋቸው። ማዕዘን ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጠዋል፤ የእኔ ክፍል ደግሞ ርዝመቱና ወርዱ እኩል በመሆኑ ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል። 4 ሜትር ክፍል 43 ኸርዝ በሚሆነው ድምፅ፣ እንዲሁም በ86ና በ129 ይጮኻል፤ የወንድ ንግግር መሠረቱ በዚሁ አካባቢ ነውና አባቴን የጉድጓድ ሰው ያደረገው ይህ ነበር። ምንጣፍ ለዚህ አይበቃም። የሚረዳው የስፒከሩና የወንበሩ ቦታ ነው። አንድ ወፍራም ዜማ ከፍተው በክፍልዎ ውስጥ ቀስ ብለው ቢራመዱ፣ አንድ ቦታ ሲያብጥ፣ አንድ ቦታ ደግሞ ሲጠፋ ይሰማዎታል። ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ መጥፎ ነው፤ እንዲህ ባለ ክፍል መካከል መቀመጥም መጥፎ ነው። እኔ ስፒከሮቹን በሁለት ዱካ ላይ አድርጌ ከፊት ግድግዳ 90 ሳንቲሜትር አራቅኋቸው፤ በመካከላቸው 1 ሜትር ከ80፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ ወንበሬም 1 ሜትር ከ80 ለካሁ። ሦስቱ ጎን እኩል ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያንን የካርቶን አማካሪዬን ጠርቼ መስተዋት አስያዝሁት። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ እሱ መስተዋቱን በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ሲሄድ፣ ስፒከሩ በመስተዋቱ ውስጥ የታየኝ ቦታ ድምፁ መጀመሪያ ነጥሮ የሚመጣበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ በግራም በቀኝም ጋቢ አጥፌ፣ ከግድግዳው ስንዝር ያህል አርቄ ሰቀልሁ። ጨርቅ ከግድግዳ ራቅ ሲል ይበልጥ ይሠራል። ምንጣፉን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ፤ ሁለት የጥጥ ፍራሽ ተውሼ በማዕዘኖቹ አቆምሁ። አከራዬ ፍራሾቹን ቈጥረው ስንት ሰው እንዳስገባሁ ጠየቁኝ። የቀረው የላሜራው በር ነበር፤ ወፍራም ድምፅ በመጣ ቁጥር አብሮ ይንጫጫ ስለ ነበር በመቃኑ ዙሪያ ከአሮጌ ጎማ የተቈረጠ ቁራጭ ጠቀጠቅሁበት። ደብተሮቹንም ከኋላ ግድግዳ ሥር ከምሬ ደረደርኋቸው፤ ለማረም ያለኝ ስንፍና አንድ ጊዜ እንኳ ጠቀመ።

አጨበጨብሁ። «ጧ» አለና ቀረ። በስልኬ ስለካው ከግማሽ ሰከንድ ጥቂት ብቻ በለጠ። ካርቶኖቹን ለባለ ሱቆቹ መለስሁ።

ስቴሪዮ የሚባለውን አሠራር እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. የፈጠራ ፈቃድ ሲጠይቅበት ያሰበው፣ ድምፅ ከዚህና ከዚያ ሲመጣ ጆሮ ቦታውን እንዲለይ ነው። የአባቴ ካሴት ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከሁለቱም ስፒከር እኩል ይወጣል። በተስተካከለ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሁለቱ ከአንዳቸውም የሚመጣ አይመስልም፤ ከመካከላቸው፣ ምንም ከሌለበት ስፍራ ይመጣል። አባቴ በዚያ ባዶ ስፍራ ቆሞ ተናገረ። የጎደለችውን ዐረፍተ ነገር ግን ሳልሰማ ዴኩን ዘጋሁት፤ ለእናቴ አቈየኋት።

እናቴ በትንሣኤው ማግሥት ከድሬዳዋ በሚኒባስ መጣች። ፍራሾቹን አይታ ምንም አላለችም። ከወንበሬ ላይ አስቀመጥኋትና ከፈትሁ። ሰላምታውን ሲጀምር ወደ ስፒከሮቹ አላየችም፤ በመካከላቸው ወዳለው ባዶ ግድግዳ አየች። ሩቅ የባቡር ፊሽካ ተሰማ፤ እኔ ያን ድምፅ እስከዚያ ቀን የካሴቱ ብልሽት ነበር የመሰለኝ። «የከዚራው ቤታችን ነው» አለች። ከዚያ ያቺ ሥፍራ መጣች። «ልጁ ታሞ ነበር፤ መድኃኒቱን ተፋ፤ እንደ እናቱ እልኸኛ ነው።»

«እልኸኛስ እሱ!» አለች እናቴ ወደ ግድግዳው። ጥቂት ቆይታም «መልሰው» አለችኝ።

መለስሁት። በሦስተኛው ጊዜ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝና «ከኋላው ስማ» አለች። ጆሮዬን ጣልሁ። ከአባቴ ድምፅ ጀርባ፣ ከሌላ ክፍል፣ አንዲት ሴት «ቡናው ደርሷል» ትላለች። ያን ሁሉ ጊዜ ስመልሰው ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ማን ናት?» አልኋት።

«እኔ ነኛ፤ ማን ትሆናለች?»

ምንጣፉን በሳምንቱ ወደ ጀጎል መለስሁ። እናቴ ስትሄድ የራሷን ጋቢ በቀኝ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሰቅላልኝ ሄደች፤ የእኔ ሳስቷል ብላ ነው።